እግር ከመግባቱ በፊት መውጫው፦ ለጠጠር መንገድ ብስክሌት ፔዳልና ጫማ ስለ መምረጥ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)




ስለ ወገብ ሕመም ወይም ከስብራት በኋላ ስለሚደረግ የሰውነት ማጠንከሪያ ሕክምና እናገራለሁ ብላችሁ የመጣችሁ ካላችሁ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የጉባኤው አዘጋጆች ከዕለት ሥራችን ወጣ ያለ፣ ነገር ግን ሙያችንን የሚነካ አንድ ጉዳይ እንድመርጥ በጠየቁኝ ጊዜ የመረጥሁት ርእስ የብስክሌት ፔዳልና ጫማ ሆነ። ርእሱ እንደ ቀልድ ሊታይ እንደሚችል አውቃለሁ። ለምርጫው ያበቃኝ ምክንያት ግን ቀልድ አልነበረም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በምኖርበት በካንሳስ ግዛት፣ አንድ ቅዳሜ ማለዳ አዲስ ጫማ ተጫምቼ፣ በአዲስ ፔዳል ወደ ጠጠሩ መንገድ ወጣሁ። ጫማው ከሶሉ ሥር በታሰረች ትንሽ ብረት አማካይነት ከፔዳሉ ጋር የሚያያዝ ነበር። አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ችግር ተጓዝሁ። ከዚያም ከአንድ መስቀለኛ መንገድ ደርሼ የጭነት መኪና ለማሳለፍ ቆምሁ። ብስክሌቱ ቆመ፤ ግራ እግሬ ግን ከፔዳሉ አልላቀቅም አለ። እንደ ተቆረጠ ግንድ በጎኔ ወደቅሁ፤ ስወድቅ እጄን ዘረጋሁ፤ አንጓዬም ተሰበረ። በወደቅሁበት ቅጽበት ፍጥነቴ ዜሮ ነበር።

የእኛ ሥራ የእጅ ሥራ መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ለሦስት ወር ያህል አንድም ታካሚ ሳልነካ ተቀመጥሁ። በነዚያ ወራት፣ ጊዜም ስለ ነበረኝ፣ የራሴን ስሕተት እንደ አንድ ታካሚ ታሪክ እያገላበጥሁ መመርመር ጀመርሁ። ፔዳሉን የመረጥሁት ክብደቱ ቀላል ስለ ነበረ ነው፤ ጫማውን ደግሞ ሶሉ ግትር፣ መልኩም የሚያምር ስለ ነበረ ነው። እግሬ እንዴት እንደሚገባ ጠይቄአለሁ፤ እንዴት እንደሚወጣ ግን አልጠየቅሁም። እግሬ ያልወጣበትን ትክክለኛ ምክንያት ኋላ እመለስበታለሁ። ለጊዜው ግን ዛሬ ላስረዳ የምፈልገውን ነገር ባጭሩ ልናገር፤ ለጠጠር መንገድ ፔዳልና ጫማ ሲመረጥ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ከብስክሌቱ መውረድና በእግር መሄድ ነው። የፍጥነት ጉዳይ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

የመንገዱ ጠባይ

አገር ቤት ላደግን ሰዎች የጠጠር መንገድ እንግዳ ነገር አይደለም። ኮረኮንች፣ ፒስታ፣ ጥርጊያ እያልን ስንጠራው ኖረናል። አዲስ የሆነው ነገር ይህንኑ መንገድ ፈልጎና መርጦ በብስክሌት መጓዝ ራሱን የቻለ ስፖርት መሆኑ ነው። ከዚህ ስፖርት ዋና ዋና ማእከሎች አንዷ በካንሳስ የምትገኘው የኤምፖሪያ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 በ34 ተወዳዳሪዎች የተጀመረውና ዛሬ አንባውንድ ግራቭል እየተባለ የሚጠራው ውድድር የሚካሄደው በዚያ ሲሆን፣ የዋናው ውድድር ርቀት 200 ማይል፣ ማለትም 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ የሚያቋርጠው የፍሊንት ሂልስ ኮረብታማ አገር ስሙን ያገኘው ከባልጩት ድንጋዩ ነው። ስፖርቱም እየተስፋፋ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በጣሊያን አገር፣ በቬኔቶ ክፍለ ሀገር ተካሂዷል።

ይህን መንገድ ከአስፋልት የሚለዩት ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ንዝረት ነው፤ ጠጠሩ ለሰዓታት ያለ ማቋረጥ የእግርን መዳፍ ይመታል፣ ብሎንም ያላላል። ሁለተኛው ጭቃና አቧራ ሲሆን፣ ይህ በማያያዣው ውስጥ እየገባ ይጠቀጠቃል። ሦስተኛው ደግሞ፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው፣ በእግር መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገው የኤምፖሪያ ውድድር ገና በመጀመሪያዎቹ ማይሎች የገጠመው ጭቃ ጎማ አላዞር ስላለ፣ በዓለም የታወቁ ተወዳዳሪዎች ሳይቀሩ ብስክሌታቸውን ተሸክመው በእግራቸው ለመሄድ ተገደዋል። በዚያ ሰዓት በአስፋልት ውድድር ጫማ ለመሄድ የሞከረ ሰው፣ በመስታወት ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው የሚሆነው።

አያያዡ ከየት መጣ?

ይህ ዐይነቱ ፔዳል በእንግሊዝኛ ክሊፕለስ ይባላል፤ ትርጉሙም "ክሊፕ የሌለው" ማለት ነው። ከጫማ ጋር የሚያያዘው ፔዳል "ክሊፕ የሌለው" መባሉ ጀማሪውን ሁሉ ግራ ያጋባል። ነገሩ ግን ታሪክ አለው። ቀድሞ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች የእግራቸውን ጣቶች ክሊፕ በሚባል ቅርጫት መሰል ብረት ውስጥ አስገብተው በጠፍር ያስሩ ነበር። እግርን ለማውጣት ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን በእጅ ማላላት ያስፈልግ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የጣሊያኑ ቺኔሊ ያለ ክሊፕ የሚያያዝ ፔዳል ቢያወጣም፣ እርሱም ቢሆን የሚላቀቀው በእጅ ነበር። ችግሩን በሚገባ የፈታው ሉክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ነው። ኩባንያው የበረዶ መንሸራተቻ ማያያዣ በመሥራት የታወቀ ስለ ነበር፣ የሚወድቅን ሰው እግር ስለ መልቀቅ በቂ ልምድ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጣው ፔዳል ላይ እግር የሚላቀቀው ተረከዝን ወደ ውጭ በማዞር ብቻ ነበር። በርናር ኢኖ በ1985 የፈረንሳይን ዙር በዚሁ ፔዳል ካሸነፈ በኋላ ክሊፕና ጠፍር ከውድድር ሜዳ እየጠፉ ሄዱ። በ1990 ደግሞ የጃፓኑ ሺማኖ፣ ኤስፒዲ ብሎ በሰየመው አሠራር፣ ማያያዣውን አሳንሶ በሁለት ብሎን ከሶሉ ውስጥ ጎድጎድ ባለ ቦታ እንዲቀመጥ አደረገው። በዚህም ምክንያት ባለ ብስክሌቱ እንደ ሰው መሄድ ቻለ።

ይህን ታሪክ የጠቀስሁት ለጌጥ አይደለም። ከጠፍሩ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ የተደረገው መሻሻል ሁሉ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ያለ መሆኑን ለማሳየት ነው። እግርን ማሰር ምን ጊዜም ቀላል ነበር፤ አስቸጋሪው መፍታት ነው።

ጫማው ይቀድማል

አብዛኛው ሰው አስቀድሞ ፔዳል ይገዛና ከዚያ ለፔዳሉ ጫማ ይፈልጋል። እኔ ግን ተቃራኒውን እመክራለሁ። ፔዳልን መለወጥ ይቻላል፤ እግርን ግን መለወጥ አይቻልም።

ለጠጠር መንገድ የሚሆነው ጫማ ባለ ሁለት ብሎኑ ነው። ባለ ሦስት ብሎኑ የአስፋልት ጫማ ከሶሉ ወጣ ያለ ሰፊ የፕላስቲክ ማያያዣ ስላለው በእግር ሲሄዱበት ያንሸራትታል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ጭቃም ይይዛል። በጫማው ሶል ላይ ከብረቱ ግራና ቀኝ የጎማ ጥርሶች መኖራቸውን፣ ስንራመድም ክብደታችንን የሚሸከመው ጎማው እንጂ ብረቱ አለመሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። በአንጻሩ የጎማው ጥርስ እጅግ ከፍ ካለ ከፔዳሉ ጋር እየተጋጨ መግባትንም መውጣትንም ያውካል። በዚህ ጊዜ ከብረቱ ሥር ስስ ቆርቆሮ በማስገባት ወይም ጎማውን በጥቂቱ በመላግ ይስተካከላል።

ስለ ሶሉ ግትርነት ብዙ ይባላል። ከካርቦን ፋይበር የተሠራው ሶል ቀላልና እጅግ ግትር ነው፤ ከናይሎን የተሠራው በመጠኑ ይተጣጠፋል። ሶሉ ከመጠን በላይ ለስላሳ ከሆነ የፔዳሉ ግፊት በአንድ ነጥብ ላይ ተከማችቶ የእግርን መዳፍ ያቃጥላል። ከመጠን በላይ ግትር ከሆነ ደግሞ ዳገት በእግር ሲወጣ ተረከዝ ከጫማው እየወጣ ይላጣል፤ ንዝረቱንም ሳይቀንስ ወደ አጥንት ያስተላልፋል። እንግዲህ ለውድድር ካልሆነ በቀር መካከለኛው የሚመረጥ ይመስለኛል።

ከሁሉም በላይ ግን ስፋት ይታሰብበት። አንዲት የምትረዳኝ ባለ ብስክሌት፣ ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ጣቶቿ እየደነዘዙ በመቸገሯ የነርቭ በሽታ እንዳይሆን ፈርታ ወደ እኔ መጥታ ነበር። እግሯን በባዶ ወረቀት ላይ አስቁሜ ዙሪያውን በእርሳስ ከሣልሁ በኋላ የጫማዋን የውስጥ ንጣፍ አውጥቼ በሥዕሉ ላይ አስቀመጥሁት። እግሯ በሁለቱም ጎን ከንጣፉ አልፎ ወጥቷል። ሰፋ ያለ ጫማ ገዝታ፣ ብረቱም ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ተስቦ ሲታሰር ድንዛዜው ተወ። ይህ የወረቀትና የእርሳስ ምርመራ ምንም ወጪ የለበትም፤ ማናችንም ብንሆን በሥራ ቦታችን ልናደርገው እንችላለን።

ጫማ ሲገዙ ከሰዓት በኋላ፣ እግር ጥቂት ባበጠበት ሰዓት፣ ለጉዞ በሚያደርጉት ካልሲ መለካት ይበጃል። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይኑር። በሱቁ ውስጥ መቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ ደረጃ ወጥቶ መውረድ ያስፈልጋል። ማሰሪያውን በሚመለከት ክር፣ ቬልክሮ ወይም በመዘውር የሚጠብቅ ሽቦ ይገኛል። መዘውሩ በጉዞ ላይ ሳሉ ለማላላት እጅግ የተመቸ ነው፤ ክር ግን ቢበጠስ በየትም ቦታ ይተካል።

ፔዳሉ

ጫማው ከተወሰነ በኋላ የፔዳሉ ምርጫ ቀላል ይሆናል። በጠጠር መንገድ ላይ በብዛት የሚታዩት ሦስት ቤተ ሰቦች ናቸው።

የመጀመሪያው የሺማኖ ኤስፒዲ ነው። ዋና ጥቅሙ የሞላው ጥብቀት በ3 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ሊላላና ሊጠብቅ መቻሉ ነው። ከዚህም ሌላ የተለያየ ዐይነት የጫማ ብረት አለው። ኤስኤች 51 የሚባለው እግርን የሚለቀው ተረከዝ ወደ ጎን ሲዞር ብቻ ነው፤ ኤስኤች 56 ግን በብዙ አቅጣጫ፣ በኀይል ወደ ላይ ሲሳብም ጭምር ይለቃል። ለጀማሪ ሁለተኛውን እመክራለሁ። በድንጋጤ ጊዜ ሰው እግሩን የሚስበው ወደ ላይ ነውና።

ሁለተኛው የክራንክ ብራዘርስ ኤግቢተር ሲሆን፣ ስሙ እንደሚያመለክተው የእንቁላል መምቻ ይመስላል። በአራቱም ጎኑ ስለሚያያዝና ክፍት ስለ ሆነ በጭቃ ላይ ተመራጭ ነው። የጫማው ብረት ከነሐስ መሰል ለስላሳ ማዕድን የተሠራ ስለ ሆነ በድንጋይ ላይ ሲሄዱበት ከብረት ይልቅ ቶሎ ያልቃል፤ የሞላውንም ጥብቀት ማስተካከል አይቻልም። ሦስተኛው መነሻው ፈረንሳይ የሆነው ታይም አታክ ነው። እርሱም ጭቃን በመቋቋም የታወቀ ሲሆን፣ ለጉልበት የሚሰጠው ነጻነት ሰፋ ያለ ነው።

ከሦስቱ ማንኛውም ቢመረጥ ጥፋት የለም። ስለ ክብደት ግን አንድ ቃል ልጨምር። ከሺማኖ ፔዳሎች ርካሽ የሆነው ኤም 520 ጥንዱ 380 ግራም፣ ውድ የሆነው ኤም 9100 ደግሞ 310 ግራም ይመዝናል። ልዩነቱ 70 ግራም፣ ማለትም ከአንድ ትልቅ እንቁላል ክብደት ብዙም የማይርቅ ነው። እኔ አንጓዬን የሰበርሁት ይህን የመሰለ ልዩነት ስቆጥር ነው።

ለሚገጥሙት ሰዎች አንድ ማስታወሻ፦ የግራው ፔዳል ጥርስ ከቀኙ ተቃራኒ ነው። በሁለቱም በኩል ለማጥበቅ የቁልፉ እጀታ ወደ ላይ ቆሞ ሳለ ወደ ብስክሌቱ ፊት ይገፋል። ጥርሱን ግሪስ መቀባት አይዘንጋ።

ብረቱና ጉልበቱ

አሁን ወደ ራሳችን መስክ ደረስን። የጫማው ብረት ጥቂት ሚሊ ሜትር መዛነፍ ለዐይን ምንም አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው በደቂቃ 80 ጊዜ ፔዳሉን ቢያዞር፣ በአምስት ሰዓት ውስጥ እያንዳንዱ ጉልበት 24,000 ጊዜ ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። ያቺ ትንሽ መዛነፍ በዚያ ሁሉ ትባዛለች።

አቀማመጡ እንዲህ ነው። ጫማው ተጫምቶ ሳለ የአውራ ጣትና የትንሿ ጣት መሠረት አጥንቶች ጉብታ በእጅ ተዳሶ በጫማው ላይ ምልክት ይደረጋል። የፔዳሉ መካከለኛ ዘንግ በሁለቱ ምልክቶች መካከል እንዲያልፍ ብረቱ ይታሰራል። ረጅም መንገድ ለሚጓዝ፣ ጣቱ ለሚደነዝዝ ወይም የተረከዝ ጅማቱ ለሚያመው ሰው ጥቂት ወደ ኋላ መሳቡ በባትና በጅማቱ ላይ የሚወድቀውን ሸክም ይቀንሳል። የብረቱ አቅጣጫም የሰውየውን ተፈጥሮ መከተል አለበት። ከፍ ካለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እግሩ ዘና ብሎ ሲንጠለጠል የእግሩ ጣቶች ወዴት እንደሚያመለክቱ እንመልከት። ወደ ውጭ የሚያመለክተውን እግር ቀጥ አድርጎ ማሰር ቁርጭምጭሚትን አያስተካክልም፤ የሚጠማዘዘው ጉልበት ነው። ፔዳሎቹም ለዚህ ሲባል ጥቂት የመወዛወዝ ነጻነት ይሰጣሉ፤ ያ ነጻነት ግን ስሕተትን ለመሸፈኛ ሊውል አይገባም።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተውሁት ነገር ልመለስ። እግሬ ለምን አልወጣም? ከአደጋው በኋላ ጫማውን ገልብጬ ሳየው ከሁለቱ ብሎኖች አንዱ አልነበረም። ዓርብ ማታ ደክሞኝ፣ እየተጣደፍሁ፣ በእጄ ግምት ነበር ያሰርሁት። አርባ ኪሎ ሜትር ንዝረት ብሎኑን አላልቶ ጣለው። ብረቱ በአንድ ብሎን ብቻ ስለ ቀረ፣ ተረከዜን ባዞርሁ ቁጥር ጫማው በብሎኑ ዙሪያ ይዞራል፤ ብረቱ ግን ከፔዳሉ አፍ ውስጥ እንዳለ ይቀራል። ጠምዝዤ ጠምዝዤ አልወጣ ያለኝ ስለዚህ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ የተማርሁት ግን በዚያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ነው። ሺማኖ ለነዚህ ብሎኖች የሚያዘው ጥብቀት ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ነው። ግሪስ ተቀብተው፣ ጥብቀት በሚለካ ቁልፍ ታስረው፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደ ገና ሊፈተሹ ይገባል።

የመውጣት ልምምድ

መሣሪያው ከተሟላ በኋላ ልምምዱ ይቀራል። ሞላውን እስከ መጨረሻው አላልቶ፣ መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፎ፣ ቀጥሎም በሣር ሜዳ ላይ በዝግታ እየሄዱ በእያንዳንዱ እግር ሃያ ጊዜ ማስገባትና ማውጣት ነው። እግር መውጣት ያለበት ብስክሌቱ ከመቆሙ በፊት እንጂ ከቆመ በኋላ አይደለም። ጭቃ ከተረገጠ ደግሞ ከመግባት በፊት ጫማውን በፔዳሉ ጠርዝ መታ መታ አድርጎ ማራገፍ ይገባል።

አንዳንድ ባልደረቦች "ይህ ሁሉ ጭንቀት ለምን? በጠፍጣፋ ፔዳል ቢሄድስ?" ይሉኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የብስክሌት ኀይል በአብዛኛው የሚገኘው ፔዳሉን ወደ ታች በመግፋት እንጂ ወደ ላይ በመሳብ አይደለም። ስለዚህ ሚዛኑን ለሚጠራጠር፣ አጥንቱ ለሳሳ፣ ወይም ከቀዶ ሕክምና በቅርቡ ለተነሣ ሰው ጠፍጣፋ ፔዳልና መልካም ጫማ ከበቂ በላይ ነው፤ ይህን ለታካሚዎቻችን ያለ ኀፍረት መንገር አለብን። የመያያዝ ዋናው ጥቅም በጠጠር ላይ እግር ከፔዳሉ እየነጠረ እንዳይንሸራተት ማድረጉ ነው። ጥቅሙ እውነተኛ ነው፤ ዋጋው ግን መውጫውን ማወቅ ነው።

የተከበራችሁ ባልደረቦች፣

ዛሬ አንጓዬ ድኗል፤ በየቅዳሜውም ወደዚያው መንገድ እወጣለሁ። ፔዳሌ ርካሹና ከባዱ ነው፤ ጫማዬ ሰፊ፣ ከሶሉም ግማሹ በድንጋይ የተፋቀ ነው። ያንን መስቀለኛ መንገድ ባለፍሁ ቁጥር መኪና ኖረ አልኖረ ግራ እግሬን አስቀድሜ አወጣለሁ። አንድ ታካሚ አዲስ ጫማውን በካርቶን ይዞ መጥቶ "እንዴት ነው?" ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ክብደቱ ከመናገራችሁ በፊት ጫማውን ገልብጣችሁ ሁለቱን ብሎኖች እንድትነኩለት፣ ከዚያም በክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እንዲሄድበት እንድትጠይቁት አደራ እላለሁ።